ሴፍቲኔት፣ ኮብልስቶን፣ መደራጀት ወይስ የእምቦጭ ዘመቻ? በባሕር ዳርና በጣና ዳር ለረጅም ጊዜ ሥራ ላጣ ሰው የመምረጫ መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ዓመት ሁለት ዓመት ሥራ አጥቶ የቆየ ሰው ቀበሌ ሄዶ «ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም። «ሴፍቲኔት ተመዝገብ»፣ «ተደራጁ»፣ «ኮብልስቶን ሊወጣ ነው»፣ «እምቦጭ ሊነቀል ነው»። ሁሉም የመንግሥት እጅ ያለበት ሥራ ስለሆነ በጥቅሉ «የመንግሥት ሥራ» ይባላል እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሴፍቲኔት ከሥራ ጋር የታሰረ ድጋፍ ነው። መደራጀት ንግድ ነው። ኮብልስቶን በውል የሚሠራ ሙያ ነው። የእምቦጭ ነቀላ ደግሞ ሳምንታት ቆይቶ የሚበተን የቀን ሥራ ነው።

ብዙ ሰው አራቱን የሚያወዳድረው በቀን አበል ነው፤ ምርጫው የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። መጠየቅ ያለበት በዓመት ስንት ቀን ሥራ አለ፣ የቀረውን ቀን ለሌላ ሥራ ይለቃል ወይ፣ ሲያልቅስ እጅ ላይ ምን ይቀራል የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው።

የከተማ ሴፍቲኔት

የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር በ11 ከተሞች ብቻ ነበር፤ ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ነበረች። ባሕር ዳር የገባችው በሁለተኛው ዙር ነው። ለዚህ ዙር የዓለም ባንክ የ400 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ያጸደቀው በመስከረም 2013 ዓ.ም. ሲሆን 83 ከተሞችን እንዲያቅፍ ታስቦ የተነደፈ ነው። ደሴ ያለ ዘመድ የሚነግራችሁና ባሕር ዳር የሚሠራበት አንድ ላይሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ፕሮግራሙ ሁለት በር አለው። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ «የአካባቢ ልማት ሥራ» ላይ ይመደባል። አረጋውያን፣ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸውና በማይድን ሕመም የተያዙ፣ ጧሪም የሌላቸው ሰዎች ደግሞ ያለ ሥራ «ቀጥታ ድጋፍ» ያገኛሉ። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ለጊዜው ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይዛወራሉ። አንዲት እናት እርግዝናዋን ሳታሳውቅ ከሥራ ብትቀር የሚጻፍባት «ቀሪ» ነው፤ የጤና ጣቢያውን ወረቀት ይዛ ብታሳውቅ ግን ክፍያዋ አይቋረጥም። ይህን ቀድሞ የሚነግራት ሰው ስለማይኖር ብዙዎች ገንዘባቸውን በዝምታ ያጣሉ።

ሥራው የታወቀ ነው፤ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ማጽዳት፣ ደረቅ ቆሻሻ ማንሳት፣ ችግኝ ማፍላትና መትከል፣ የከተማ ግብርና፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ማስተካከል። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ውኃው በራሱ ፈጥኖ አይወርድም። ስለዚህ የቦይ ጠረጋው ጥድፊያ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሆናል፣ ችግኙ ሐምሌና ነሐሴ ላይ። በእነዚህ ወራት የሚቀር ሰው በቀሪዎቹ ወራት ከሚቀረው የበለጠ ይጎዳል፤ የሥራ ቀኑ ተጠራቅሞ የሚመጣው ያኔ ነውና።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በመጀመሪያው ዙር ንድፍ መሠረት አንድ ተጠቃሚ በዓመት 60 ቀን ይሠራል፤ በወር ሲካፈል 5 ቀን ነው። ከአንድ ቤተሰብ እስከ 4 ሰው ሊሠራ ይችላል። ከክፍያው 20 በመቶው በግዴታ ይቆጠባል። በሁለተኛው ዓመት ቀኑ ወደ 40፣ በሦስተኛው ወደ 20 ይወርዳል፤ የሚታሰበው ተጠቃሚው በዚያ ጊዜ ሌላ ገቢ እየጀመረ ነው ተብሎ ነው። የእናንተ ዙር በዚህ መልክ ይቀንስ ወይስ አይቀንስ፣ ስትመዘገቡ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ለማስላት እንዲቀል ብቻ የቀን አበሉን 100 ብር እንበል። ብቻውን የሚኖር ሰው በመጀመሪያው ዓመት 6,000 ብር ያገኛል፤ 1,200 ብሩ ተቆጥቦ 4,800 ብር እጁ ይገባል። በወር 400 ብር ማለት ነው። በሦስት ዓመት 120 ቀን ሠርቶ የሚጠራቀምለት ቁጠባ 2,400 ብር ነው። አራት ሠራተኛ ያለው ቤተሰብ ግን በመጀመሪያው ዓመት 24,000 ብር ያገኛል፤ በወር እጁ የሚገባው 1,600 ብር ሲሆን በሦስት ዓመት 9,600 ብር ይቆጥባል። አበሉ ምንም ያህል ቢሆን ይህ የአራት እጥፍ ልዩነት አይለወጥም። እንግዲህ ሴፍቲኔት ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፣ ለነጠላ ሰው ግን የቤት ኪራይ እንኳን አይሸፍንም።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ በቀላሉ የማይታየው ትልቁ ነገር ቀሪው ቀን ነው። በወር 5 ቀን የሚሠራ ሰው 20 እና ከዚያ በላይ ቀን ባዶ አለው። ሥራውም አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ተጀምሮ ሙሉ ቀን ሳይፈጅ ያልቃል። ሴፍቲኔትን እንደ ወር ደመወዝ ቆጥሮ የቀን ሥራውን የተወ ሰው ከነበረበት ያንሳል። አምስቱ ቀን በተከታታይ ነው ወይስ በሳምንት አንድ አንድ ቀን? ይህን ከቡድን መሪው ቀድሞ ማወቅ ይገባል። በተከታታይ ከሆነ ከግንባታ ቀጣሪ ጋር ተስማምቶ ሌላውን ሦስት ሳምንት መሥራት ይቻላል። በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ ግን ቋሚ የቀን ሥራ ስለማያስይዝ ጉልት፣ ጀበና ቡና፣ ልብስ ማጠብ የመሰለው ለራስ የሚሠራ ሥራ ይሻላል።

ሲያልቅ የሚቀረው ቁጠባው ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር ንድፍ ተጠቃሚው ሠልጥኖ የቢዝነስ ዕቅድ ሲያቀርብ 500 ዶላር ያህል ግምት ያለው የኑሮ ማሻሻያ ድጋፍ ተይዞለት ነበር። ይህ ብድር አይደለም። ከሁሉም አማራጮች ይልቅ ሴፍቲኔትን የሚያስመርጠው ይህ ነጥብ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በየወሩ ከምትገባው ትንሽ ብር ይልቅ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ድጋፍና የተጠራቀመው ቁጠባ ነው ኑሮ የሚለውጠው፤ ዕቅዱን መጻፍ መጀመር ያለበትም ከፕሮግራሙ በሚወጣበት የምረቃ ሰሞን ሳይሆን በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ትናንሽ ልጆች ያሏት እናት ደግሞ በሥራ ቦታው የሕፃናት ማቆያ እንዳለ ትጠይቅ። የሁለተኛው ዙር ንድፍ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ልጆቹን የሚጠብቁት ከተጠቃሚዎቹ መካከል የተመደቡ ሴቶች ሲሆኑ ለእነርሱም እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል። ቦይ ለመጥረግ አቅም ለሌላት ሴትም ይህ ምድብ የተሻለ ነው።

አመዘጋገብና የሚበላሽበት ቦታ

ምርጫው በማመልከቻ ቅደም ተከተል አይደለም። የቀበሌው የልየታ ኮሚቴ የአካባቢውን ድሃ ቤተሰቦች ይለያል፣ ስለ ቤቱ ሁኔታ፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ጥገኞች ብዛት በመጠይቅ ይጣራል፣ ከዚያ የስም ዝርዝር በአደባባይ ይለጠፋል። ዝርዝሩ የሚለጠፈው ለጥቂት ቀናት ስለሆነ ቅሬታም በዚያው ሰሞን ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው በጽሑፍ መግባት አለበት። በቃል «ስሜ የለም» ብሎ መመለስ ምንም መዝገብ አይተውም። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ በአንዱ ላይ የተቀባዩ ፊርማና ቀን ይስፈር።

ሰዎች ሳይመረጡ የሚቀሩባቸው ምክንያቶች ይደጋገማሉ። ከሁሉ የሚበዛው የነዋሪነት ጉዳይ ነው። ሽምብጥ ወይም ዓባይ ማዶ የሰው ግቢ ውስጥ በደባልነት የሚኖር፣ መታወቂያው ግን የትውልድ ወረዳው የሆነ ሰው ለኮሚቴው የለም ማለት ነው። መሸኛ አምጥቶ የቀበሌ መታወቂያ ማውጣት ጊዜ ስለሚፈጅ ምዝገባ እስኪታወጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ሁለተኛው የቤተሰብ አጻፋፍ ነው። ያገባ ልጅ ከእናቱ ጋር በአንድ ጎጆ እየኖረ «ሁለት ቤተሰብ ነን» ብሎ ቢያስመዘግብና ጎረቤት «አንድ ማዕድ ነው የሚበሉት» ቢል ሁለቱም ሊሰረዙ ይችላሉ። እውነቱን ተናግሮ እንደ አንድ ቤተሰብ መግባት አራት ሠራተኛ ድረስ ስለሚያስመዘግብ የሚጎዳም አይደለም።

ክፍያ በባንክ ሂሳብ በኩል ነው። በክፍያ ዝርዝሩ ላይ ያለው ስምና የባንኩ ስም በአንድ ፊደል ሲለያዩ፣ ለምሳሌ በአንዱ «ኃይለ» በሌላው «ሀይለ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል። ባንኮች አሁን ለአዲስ ሂሳብ የፋይዳ መታወቂያ ስለሚጠይቁ ቅደም ተከተሉ ፋይዳ፣ ሂሳብ፣ ከዚያ በፋይዳው ላይ እንዳለው አድርጎ በሴፍቲኔት ቅጹ ላይ ማስጻፍ ይሁን። ሌላው የመገኘት መዝገብ ነው። የሚይዘው የቡድን መሪው ነው፤ ክፍያ የሚሠራውም ከእርሱ መዝገብ ነው። የሠራችሁበትን ቀን በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ልጁን ያስጽፍ። ክፍያ በወራት ሲዘገይ መሪው እንኳን የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም።

ኮብልስቶን

ኮብልስቶን የሚያጓጓው ገንዘቡ በቀን ሳይሆን በሥራ ልክ ስለሚከፈል ነው። ጠንካራ ሰው ከሴፍቲኔት በብዙ እጥፍ ሊያገኝ ይችላል። ያው ምክንያት ግን ሌላውን ያከስረዋል።

ሥራው ሁለት ነው፤ መጥረብና ማንጠፍ። ጠራቢው በመሮና በመዶሻ ጥቁሩን ድንጋይ በግምት 10 በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ያወጣል፤ ክፍያው በቁጥር ነው። አንጣፊው በካሬ ሜትር ይከፈላል። የድንጋዮቹ ክፍተት 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አንድ ካሬ ሜትር 82 ያህል ድንጋይ ይወስዳል። ይህን ቁጥር መያዝ ይጠቅማል። ጠራቢ «በፍሬ ይሄን ያህል» ሲባል በ82 አባዝቶ የካሬ ሜትሩን ዋጋ ያገኛል፤ ሠራተኞቹ የተደራጁበት ማኅበር ውል ለጥርብ ድንጋይ የያዘው ዋጋ ከዚህ ካነሰ ሥራው ሳይጀመር ከስሯል። ክብደቱም ይታሰብ። አንድ ድንጋይ 2.8 ኪሎ ቢመዝን የአንድ ካሬ ሜትር ድንጋይ ወደ 230 ኪሎ ይጠጋል፤ በቀን 20 ካሬ ሜትር የሚያነጥፍ ቡድን ከ4 ቶን ተኩል በላይ ድንጋይ በእጁ ያነሳል። ወገቡን የሚያመው ሰው በሳምንቱ ይወጣል፤ ማኅበሩም በውሉ የገባበትን ቀን ማሟላት ያቅተዋል።

ባሕር ዳር ላይ ኮብልስቶን የሚበላሸው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። ብዙ ሰፈር መሬቱ ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው። እርሱን ሳያነሱ፣ ገረጋንቲ ሞልተው በሮለር ሳይጠቀጥቁ ቢያነጥፉበት በመጀመሪያው ክረምት መንገዱ ይዋዥቃል። ችግሩ የደልዳዩ ቢሆንም ጣት የሚቀሰረው በአንጣፊው ላይ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ማንጠፍ ከመጀመሩ በፊት የታችኛው ንብርብር መጠናቀቁን የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ አለበት። አሸዋው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጉድጓድን በአሸዋ መሙላት ቀላል ቢመስልም ቦታው በኋላ ይሰምጣል። የመንገዱ መሐል ከዳሩ ከፍ ማለት አለበት፤ 6 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ 2.5 በመቶ ተዳፋት ማለት መሐሉ ከዳሩ 7.5 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው። የጠርዝ ድንጋይ ሳይተከል የተነጠፈ መንገድ ከዳር ጀምሮ ይፈታል፤ ዳግም የሚሠራውም በማኅበሩ ወጪ ነው።

ክፍያ የሚመጣው ልኬት ተይዞ፣ በመሐንዲስ ጸድቆ፣ ፋይናንስ ካለፈ በኋላ ነው። ከክፍያው የሚያዝ መያዣም አለ፤ መቼ እንደሚለቀቅ ውሉ ላይ ይነበብ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦት ላይ የተጀመረ ሥራ ልኬቱ ሰኔ ውስጥ ካላለቀ ክፍያው ወደሚቀጥለው በጀት ይሻገራል፣ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅም ወር ሁለት ወር ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ዝናብ ወርዶ ሥራ የሚቆምበት ወቅት ነው። ኮብልስቶን የሚገባ ሰው ቢያንስ የሁለት ወር ቀለብ የሚሸፍንበት መንገድ ከሌለው በዚህ መሐል አራጣ ውስጥ ይገባል።

የዓይን መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ቅንጦት አይደለም። የሚበር ፍንጣሪ ዓይን ያጠፋል፤ የድንጋይ አቧራ ዓመታት ቆይቶ ሳንባ ያደርቃል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ሲጠርቡ ነፋሱን በጀርባ አድርጎ መቀመጥ፣ ድንጋዩን ውኃ ማርከፍከፍ ብዙ ያግዛል።

ሲያልቅ የሚቀረው ሙያው ነው። የብቃት ምዘና ወስዶ የሲ.ኦ.ሲ. ወረቀት የያዘ አንጣፊ ከማኅበር ውጭ የግል ግቢና የሆቴል ሥራ ያገኛል። ወረቀቱን ያልያዘ ግን ስንት ዓመት ቢያነጥፍ በቀን ሠራተኛ ዋጋ ይቀጠራል።

ተደራጅቶ ኢንተርፕራይዝ መክፈት

መደራጀትን ከቅጥር ሥራ ጋር የሚቀላቅሉት ሰዎች ብዙ ናቸው። ሥራ ፈላጊ ሆኖ መመዝገብ፣ መሰልጠን፣ ከመሰሎች ጋር መተዳደሪያ ደንብ ማውጣት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ፣ የጋራ የባንክ ሂሳብ፣ ከዚያ ብድር። ሂደቱ በየክፍለ ከተማው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ያልፋል። ብድሩን በክልሉ በስፋት ይሰጥ የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በ2014 ዓ.ም. ወደ ፀደይ ባንክ ተለውጧል።

የተለመደው አሠራር ከሚጠየቀው ብድር 20 በመቶውን ቀድሞ መቆጠብ ነው። አምስት ሆነው 100,000 ብር የሚፈልጉ ሰዎች 20,000 ብር፣ ማለትም በነፍስ ወከፍ 4,000 ብር ይዘው መምጣት አለባቸው። ወደ ላይኛው የሴፍቲኔት ሒሳብ እንመለስ፤ ነጠላው ሰው በሦስት ዓመት የቆጠበው 2,400 ብር ይህን አይሞላም፣ የአራት ሠራተኛ ቤተሰብ 9,600 ብር ግን ይሞላል፣ ይተርፋልም። ከሴፍቲኔት የሚመረቅ ቤተሰብ በቀጥታ ወደ ብድር መሄድ የሚችለው በዚህ ስሌት ነው። ነጠላ ሰው መጀመሪያ የኑሮ ማሻሻያ ድጋፉን ተጠቅሞ ብቻውን በትንሹ መጀመር ይሻለዋል።

ትልቁ አደጋ የቡድን ዋስትና ነው። አንዱ ድርሻውን ይዞ ቢሰወር የቀሩት ይከፍሉለታል። ቁጥር ለመሙላት በማይተዋወቁ ሰዎች የተደራጀ ማኅበር ብዙም አይቆይም፤ ይህን ለማወቅ ብዙ ጥናት አያስፈልግም፣ የተዘጉ ሼዶችን ማየት ይበቃል። ገንዘብ የሚያወጡት ፈራሚዎች ሦስት ይሁኑ፣ የሒሳብ ደብተሩ ከፈራሚዎቹ ውጭ በሆነ አባል እጅ ይሁን። የመሥሪያ ቦታ ሼድ የሚሰጠው ለተወሰነ ጊዜ፣ በአብዛኛው ለ5 ዓመት ስለሆነ ሼዱን እንደ ንብረት ቆጥሮ ብዙ ገንዘብ ግድግዳው ላይ ማፍሰስ ኪሳራ ነው።

የእምቦጭ ነቀላና የሐይቅ ዳር ዘመቻዎች

እምቦጭ ጣና ላይ ጎልቶ የታየው ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው። ስፍራውን ማወቅ የመጀመሪያው ነገር ነው፤ አረሙ በብዛት የያዘው የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳር፣ ማለትም ደምቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን ነው። ባሕር ዳር ግን በደቡብ ጫፍ ናት። ከባሕር ዳር ተነስቶ የሚሄድ ሰው ትራንስፖርትና ማደሪያ ከአበሉ ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው ብዙ አይደለም፤ ሥራው የሚያዋጣው እዚያው ዳር ለሚኖረው ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እንደተደረገው ያለ ትልቅ ዘመቻ ሲታወጅ ሥራው በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይፈልጋል፣ ከዚያ ይበተናል። የአረሙ ዘር ጭቃ ውስጥ ዓመታት ስለሚቆይና የተቆረጠ ቁራጭም እንደገና ስለሚበቅል ሥራው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ ቋሚ ቅጥር ግን አያመጣም።

ክፍያው በቀን ነው ወይስ በካሬ ሜትር? በካሬ ከሆነ ልኬቱ በዚያው ቀን ይያዝ። ንፋስ ሌሊቱን ያልተነቀለውን ምንጣፍ ገፍቶ በጸዳው ላይ ይመልሰዋል፤ በማግስቱ የሚለካ ሰው ያልተሠራ ያያል። የተነቀለው ከውኃው ዳር ርቆ ካልተከመረና ካልደረቀ በመጀመሪያው ሞገድ ተመልሶ ይገባል፣ ይህም «አልሠራችሁም» ለማለት ይበቃል።

ወገብ ድረስ ውኃ ውስጥ መቆም የራሱ ዋጋ አለው። ጣና ቢልሃርዚያ ያለበት ሐይቅ ነው፤ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። አልቅት፣ እባብና ጉማሬም አሉ፤ ጉማሬ ማታና ማለዳ ወደ ዳር ስለሚወጣ በእነዚያ ሰዓታት ውኃ ውስጥ መግባት አይገባም። ደረት ድረስ የሚደርስ የጎማ ልብስና ጓንት የሚያቀርብ አሠሪ ያለበትን ዘመቻ ምረጡ። ሥራው ካለቀ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራ መመርመር ያስፈልጋል፤ ከዚያ ቀድሞ የተደረገ ምርመራ ላያሳይ ይችላል፣ መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። ወቅቱ የወባም ስለሆነ አጎበር ይዞ መሄድ ነው።

ከዚህ ጋር የማይምታታ አንድ ነገር አለ፤ ጥርና የካቲት ላይ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት የነጻ ጉልበት ነው፣ አበል የለውም። «ዘመቻ አለ» ሲባል ይከፈላል ወይ ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

የገጠር ሴፍቲኔትና የወጣቶች ልምምድ፣ በአጭሩ

ባሕር ዳር የቀን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ቤተሰባቸው ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እብናት የሆነ አሉ። እነዚህ የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት ያለባቸው ወረዳዎች ናቸው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ሥራው በዓመት ስድስት ወር፣ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ፣ በነፍስ ወከፍ በወር 5 ቀን ነው። ክፍያው በእህል ከሆነ በቀን 3 ኪሎ እህል ሒሳብ በወር 15 ኪሎ ይሆናል፣ በአራተኛው ምዕራፍ ንድፍ ጥራጥሬም ተጨምሮበት ነበር፤ አለበለዚያ ግምቱ በብር ይከፈላል። ከተማ የመጣ ሰው በገጠሩ መዝገብ ላይ እያለ በከተማው ልመዝገብ ቢል ሲጣራ ከሁለቱም ይወጣል። ቤተሰቡ እዚያ የሚቆይ ከሆነ ስሙን ከቤተሰቡ መዝገብ አስነስቶ የመጣበትን ወረቀት ይያዝ። ለቤተሰቡ ግን ያ የገጠሩ ቦታ ይቆይለት፤ አንዴ ከወጡ መመለስ ከባድ ነው።

ትምህርቱን ጨርሶ ወይም አቋርጦ ሥራ ቀምሶ ለማያውቅ ወጣት ደግሞ በሁለተኛው ዙር የከተማ ሴፍቲኔት ውስጥ የስድስት ወር የሥራ ላይ ልምምድ አለ። የሚከፈለው የኪስ አበል ነው፣ ደመወዝ አይደለም። ዋጋው በምደባው ላይ ይወሰናል፤ ጋራዥ፣ ሆቴል ወጥ ቤት ወይም ብረታ ብረት ቤት የተመደበ ሙያ ይዞ ይወጣል፣ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲያመላልስ የከረመ ግን ስድስት ወሩን ጨርሶ ያው ሥራ ፈላጊ ነው። ምደባው ከመጽደቁ በፊት የምትማሩትን ሙያ በጽሑፍ ጠይቁ። ይህ ክፍል በሁሉም የፕሮጀክቱ ከተማ በአንድ ጊዜ ስለማይከፈት ምዝገባውን ከከተማው ሥራና ሥልጠና መምሪያ መከታተል ነው።

ማን የቱን ይምረጥ

ሦስትና ከዚያ በላይ መሥራት የሚችል ሰው ያለው ድሃ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት ሴፍቲኔት ይግባ፤ ምርጫው ውስጥ ካልገባም ቅሬታውን እስከ መጨረሻው ይግፋ። ሁሉም አባል በሴፍቲኔቱ ቀን ይሠራል፣ በቀረው ቀን ጎበዙ ልጅ ኮብልስቶን ይማር። ልጆች ያሏት ብቸኛ እናትም እንዲሁ ሴፍቲኔት ይሻላታል፣ ማቆያ ባለበት ቦታ።

ብቻውን የሚኖር ጤነኛ ወጣት ሴፍቲኔት ቢያገኝ እሰየው፣ ግን እርሱን ሲጠብቅ ዓመት አያባክን። ልምምድ ካለ ልምምድ፣ ከሌለ ኮብልስቶን፤ ሁለቱም ካልተገኙ የቀን ሥራ እየሠሩ ቁጠባ መጀመር። ብድር ወስዶ ለመደራጀት የሚቸኩል፣ የሚሠራውን ሙያ ግን ገና ያልያዘ ሰው ከሁሉ የከፋውን መንገድ መርጧል።

ዕድሜው ገፍቶ ጉልበቱ የደከመ ሰው «ሥራ ላይ ነው የሚመዘገበው» ተብሎ ቦይ ጠረጋ ላይ ቢመደብ መቀበል የለበትም። ለቀጥታ ድጋፍ የሚያበቃ የሐኪም ማስረጃ ይዞ በቅሬታ ሰሚው በኩል ምድቡን ያስለውጥ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ መሥራት የሚችል ሰው ካለ ደግሞ በእርሱ ምትክ ያ ሰው ይመዝገብ።

አንድ ሰው ሁለቱን ማጣመር ይችላል ወይ የሚለው ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ሴፍቲኔትና የግል የቀን ሥራ አይጋጩም። ሴፍቲኔትና የኮብልስቶን ማኅበር አባልነት ግን ገቢው ሲታወቅ በማጣሪያው ጊዜ ሊያስወጣ ስለሚችል የማኅበሩ አባል የሚሆነው ሰው ከሴፍቲኔቱ የሠራተኛ ዝርዝር ወጥቶ ሌላ የቤተሰቡ አባል እንዲተካው ማመልከት ያዋጣል። ማመልከቻው ማኅበሩ ውል ከመፈረሙ በፊት ይግባ፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የገባ ማመልከቻ ገቢ እንደ መደበቅ ሊቆጠር ይችላል።